ሕልም፦ የለም

ስድስተኛ ወር፣ 8ኛ ቀን

ተኛሁ፦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ነቃሁ፦ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ስንቴ ተነሣሁ፦ አንዴ፣ ለሽንት። ሕልም፦ የለም።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ኬላዋ ነርስ ናት። አራቱን ጥያቄ ሽፋኑ ላይ ጻፈችልኝና «አባባ፣ ክኒን አልውጥም ካሉ እንግዲህ ቢያንስ በየቀኑ ይህን ይጻፉ» አለችኝ። እጽፋለሁ። ለሷ ብዬ ግን አይደለም። ልጄ ኢንቾል «የአባቴ እንቅልፍ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ብቻውን መኖር አይችልም» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን አፍንጫው ሥር አስቀምጥለታለሁ።

የጣቴም ነገር ሰው ሳይጨምርበት እኔው ልጻፈው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ቁም ሣጥኑ ውስጥ አይጥ ገባ። ላባርር ስል የሣጥኑ እጀታ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፣ ሁለት የግራ ጣቶቼም ተሰበሩ። ነርሷ «በእንቅልፍ ልብዎ ነው እንዴ?» አለች። አይጥ ነው አልኳት። አይጡን አልያዝኩትም እንጂ አይጥ ነው።

እጄ ለጽሕፈት ዘገምተኛ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በመንደሩ አዳራሽ፣ ከአሮጊቶች መሃል ተቀምጬ። የኢንቾል እናት ናት እየጎተተች የወሰደችኝ። ዘገምተኛ ይሁን እንጂ የጻፍኩት አይፋቅም።

9ኛ ቀን

ሦስት ሰዓት። አሥራ አንድ ሰዓት። አንዴ። ሕልም የለም። ዝናብ። በርበሬውን በእንጨት ስደግፍ ዋልኩ። በአንድ እጅ።

11ኛ ቀን

እንደ ትናንቱ። ሕልም የለም።

ከሰዓት ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ሴቶቹ ነጭ ሽንኩርት ይጎነጉናሉ። በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ እንዳልኩ የሃዶንጓ ድምፅ መጣ። ከሃዶንግ ተድራ ከመጣች ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ስሟ የሃዶንጓ ነው። ግቢያችን የሚለያየው በአንድ የድንጋይ አጥር ብቻ ነው።

«ትናንትም ሲጮህ አደረ» ትላለች። «እጅሽን ስጪኝ፣ እጅሽን ስጪኝ። ውሻዬ እንኳ ለምዶት መጮኹን ትቷል።»

ስገባ ሁሉም ወደ ነጭ ሽንኩርታቸው አቀረቀሩ። አንዷ «አባባ፣ ጣትዎ እንዴት ሆነ?» አለች። ደህና ነው አልኩ።

ቴሌቪዥን ነው የሰማችው። ማታ ማታ ከፍቼው ነው የምተኛው።

12ኛ ቀን

ዛሬ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተኛሁ። ሕልም የለም። ጠዋት የሃዶንጓ በአጥሩ በላይ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ለምን ምንም አላለችም?

14ኛ ቀን

ኢንቾል ደወለ። ዘንድሮ ስድስተኛው ወር ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ትርፍ ወር ነው፤ መናፍስት ዓይናቸውን ከሰው ላይ የሚያነሡበት። ስለዚህ በሌላ ጊዜ የማይነካ ነገር ሁሉ ያኔ ይነካል። መቃብር የሚከፍት ያኔ ነው የሚከፍተው።

«አባዬ፣ እማዬን በትርፍ ወሩ እናውጣት። እናቃጥላትና አመዷን እዚህ ከተማ ውስጥ እናስቀምጣት። ጥሩ ሕንፃ አለ። መደርደሪያው መስታወት ነው፣ ክረምት ማሞቂያ አለው፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ሊፍት አለው።»

«እናትህ ሊፍት ትፈራለች።»

«አባዬ...»

«ስንት ጊዜ ሆስፒታል ስንሄድ በደረጃ ነው የወጣችው። ጠይቃት።»

«እሷ እዚህ ብትሆን አንተም እዛ የምትቆይበት ምክንያት አይኖርም ነበር» አለ። እዚህ ላይ ነው የተያዘው። የእናቱን መቃብር ሳይሆን እኔን ነው ሊነቅለኝ የፈለገው። ከሥሬ ነው የሚቆፍረው።

የእናቱን መቃብር ማንም አይነካውም። ሰባት ዓመት አርፋበታለች። እኔ ነኝ የመረጥኩላት። ለሳር ማጨዱም ቅርብ ነው።

15ኛ ቀን

ሁለቴ ተነሣሁ። ለሽንት። ሕልም የለም።

18ኛ ቀን

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ፣ እንቅልፍ አልመጣልኝም።

ከምሳ በኋላ የሃዶንጓ መጣች። ክፉ ሕልም ከምሳ በፊት አይነገርም፤ ሳህኔን እስካጥብ ጠብቃ ነው የመጣችው። በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ጉልበቷን ስታሽ ነገር አለ ማለት ነው።

«የኢንቾል አባት፣ ልንገርህ ወይስ ልተወው?»

«የተውሽው ነገር አለ እንዴ በዕድሜሽ?»

«የኢንቾል እናት መጣችብኝ። ሁለት ሌሊት። የቀሚሷ ጫፍ ውሃ ያንጠባጥባል፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሯል። ኩሽናዬ በር ላይ ቆማ ደረቅ ካልሲ አበድሪኝ አለችኝ።»

«የውሻ ሕልም ነው» አልኳት። ውሻም ተኝቶ እግሩን ያወራጫል፣ ያሳደደው ጥንቸል ግን የለም።

«አንድ ጊዜ ቢሆን እኔም እንደዛ እል ነበር። ሁለቴ ነው። ሟች እርጥብ ሆኖ ከመጣ መቃብሩ ውሃ ይዟል ማለት ነው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ካልሲ ካስፈለጋት ቤቷ መሳቢያ ሙሉ ካልሲ አለ። እዚህ ለምን አልመጣችም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጠይቄያት ነበር። ሽማግሌው ይቆጣል፣ እንዳትነግሪው አለችኝ።»

ተነሥቼ ገባሁ። በሩንም ዘጋሁት። ከውጭ «እኔ ምን አደረግኩ» ስትል ሰማኋት።

አርባ ዘጠኝ ዓመት አብረን ተኝተናል። ስቆጣ ነው እንዴ ያወቀችኝ? ተቆጥቼ አውቅ ይሆናል። ሾርባው ጨው ሲበዛበት። አንዴ ደግሞ በሬው ሲጠፋ። ሩዝ ስታሳርር አንዴም አልተናገርኳት። ወይም አንዴ ተናግሬያት ይሆናል።

ካልሲዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። አሁን አየሁት። ደረቅ ነው።

19ኛ ቀን

ሕልም የለም።

22ኛ ቀን

ዝናብ። ዝናብ። በርበሬው ወደቀ። ዛሬ ከበረንዳዬ ታች ያለው መሬት አይታይም፣ ጭጋግ ነው። ነቃሁ፦ ስምንት ሰዓት። ሕልም የለም፣ የዝናቡ ድምፅ ነው።

24ኛ ቀን

ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ሲነጋ ዶማ ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። በመቃብሩ ዙሪያ ቦይ ቆፈርኩ። ለሳሩ ብዬ ነው፣ ሳር ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። በአንድ እጅ ስለሆነ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ቦዩ እንደቆፈርኩት ይሞላል። ከላይ በሚወርደው አይደለም፣ ከሥር ነው የሚመነጨው።

ከጉብታው በታች በኩል ቄጠማ በቅሏል። አምና አጭጄዋለሁ። ካች አምናም።

በቀብሯ ቀን ማንሶክ «ጋሼ፣ ቄጠማ የሚበቅልበት መሬት ላይ ሰው አይቀበርም» ብሎ ነበር። ማንሶክ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፣ ውሃ የት እንዳለ በእግሩ ነው የሚያውቀው። ሬሳው ግቢ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ቆሞ፣ እሱ አፈር ጨብጦ እያሳየኝ «ጨምቀው፣ ጋሼ፣ ጨምቀው» ይለኛል። ሰው ፊት። እኔ የገዛ መሬቴን አላውቅም ማለት ነው? «እህትህ እንጂ መሬቱ ያንተ አይደለም» አልኩት። አካፋውን ጥሎ ሄደ። ቀብሩንም ሳያይ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሲያየኝ በሌላ መንገድ ይዞራል። እኔም እዞራለሁ።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ነርሷ የጠየቀችው አራት ነገር ነው።

25ኛ ቀን

እጀታው እንደገና ተነቅሏል። በትልቅ ምስማር መትቼው ነበር። ጠዋት ከነምስማሩ ጨብጬው ተኝቻለሁ።

አይጥ ወጥመድ ገዛሁ።

26ኛ ቀን

ዛሬ የበጋው ሙቀት የሚገባበት ቀን ነው፤ ሁሉም ዶሮ ያበስላል። የሃዶንጓ በድስት አመጣችልኝ። ያን ቀን በሩን ስለዘጋሁባት ተኮራርፈናል ብዬ ነበር። እሷ ረስታዋለች፣ ወይም አልረሳችም።

እየበላሁ ሳለ «ስትጮህ ምን እንደምትል ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አልጮህም።»

«እሺ አትጮህም። እንግዲያው የማይጮኸው ሰው ነይ ውጪ፣ ውሃው ሞልቷል፣ እጅሽን ስጪኝ ይላል። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ጓ ይላል። ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና...» አቆመች።

«ምን ይላል?»

«ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

«ምን ይላል አልኩሽ።»

«ያለቅሳል፣ የኢንቾል አባት።»

ዶሮዋ ጨው አንሷታል። ይህን ነገርኳት።

28ኛ ቀን

ወጥመዱ ባዶ ነው። አይጥ ብልህ ነው።

ትርፍ ወር፣ 1ኛ ቀን

ትርፍ ወሩ ገባ። ኢንቾል ሁለቴ ደወለ፣ አላነሣሁም።

ማታ ላለመተኛት ወሰንኩ። ያልተኛ አይጮህም። ግድግዳ ተደግፌ፣ መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰማሁ። ከዚያ የሰማሁት የዶሮ ጩኸት ነው፣ ነግቷል፣ አንገቴ ተጣሟል። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም የሚሉት እውነት ነው። እኔ ግን ፈርቼ አይደለም።

3ኛ ቀን

ደህናውን እጄን በገመድ ከምሰሶው ጋር አስሬ ተኛሁ። ለአይጡ ብዬ። ማለቴ ሣጥኑ እንዳይጎዳ። ጠዋት አንጓዬ ተልጧል። ነርሷ ጣቴን ልታይ መጥታ አየችው።

«አባባ፣ ይህ ምንድነው?»

«ፍየል ስስብ።»

«ፍየል አለዎት እንዴ?»

«ሸጥኳት።»

ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «በየቀኑ ሕልም የለም ነው የሚለው» አለች። የለማ፣ አልኩ። «ሌላውንም ጽሑፍ ላንብበው?» አለች። ከእጇ ነጠቅኳት። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ግን ደብተሩ የኔ ነው።

4ኛ ቀን

የሃዶንጓ ሦስተኛ ጊዜ አየቻት። አሁን የጠቆረው እስከ ጉልበቷ ነው ትላለች።

እስከ ጉልበቷ።

5ኛ ቀን

ዛሬ ነጭ ሽንኩርቴን ከጣሪያው ሥር አወረድኩ። ሁለት ጉንጉን፣ ትልልቁን ለዘር ያስቀረሁትን። ይዤ የሃዶንጓ ግቢ ገባሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ገብቼ አላውቅም፣ የሃዶንጓ ናት የምትመጣው።

«ያን ሕልም ሽጪልኝ» አልኳት።

ጎመን ታጥብ ነበር፣ እጇ ባልዲው ውስጥ ቀረ። «የትኛውን?»

«ሦስቱንም።»

«ሰው የአሳማ ሕልም ይገዛል። የእሳት ሕልም ይገዛል፣ ሀብት ነው ብሎ። ክፉ ሕልም የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም፣ አብደሃል።»

«ትሸጪያለሽ አትሸጪም?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተነሣች። እንደ ወጉ የሸሚዜን ጫፍ ዘርግቼ ቆምኩ። ሕልሙን ከመጀመሪያው ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ፤ ቀሚሱን፣ ኩሽናውን፣ ካልሲውን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱን። ጨርሳ «ሸጥኩልህ» አለች። «ገዛሁ» አልኩና የሸሚዜን ጫፍ አጠፍኩ። ነጭ ሽንኩርቱን ወሰደች።

«አንተ ራስህ እያየሃት ለምን የኔን ትገዛለህ?» አለች ስወጣ።

መልስ አልሰጠኋትም። እዚህ ግን ልጻፈው። ሕልም ያላየ ሰው የሚስቱን መቃብር አይከፍትም። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ቀን ሕልም የለም ብዬ ጽፌያለሁ፣ የጻፍኩትን አልፍቅም። አሁን ሕልሙ የኔ ነው። የገዛሁት። ከፍዬበታለሁ። ማንም ዋሽተሃል ሊለኝ አይችልም።

7ኛ ቀን

የማንሶክን አካፋ ከጎተራው ጀርባ አወጣሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዝገቱን በአሸዋ ሳሽ ነበር። ዛሬ በትከሻዬ ይዤ ተራራውን ተሻግሬ ሄድኩ። አውቶቡስ አለ፣ ግን አካፋ ይዤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ምን ይለኛል።

ማንሶክ ደጁ ላይ ቧንቧ ሲጠግን አገኘሁት። አርጅቷል። ጥርሱ አልቋል።

«አካፋህ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር» አልኩት።

አየው። አገላብጦ አየው። «አንድ አካፋ ለመመለስ ሰባት ዓመት፣ ጋሼ?»

«ዝገቱን ስጠርግ ቆይቼ ነው።»

አልሳቀም። ግን ቁጭ በል አለኝ። ማኮሊ፣ የሩዝ ጠላ፣ በሳህን ቀዳልኝ፣ እኔም ጠጣሁ። ማንሶክ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅርታ አላልኩትም። ስለ በርበሬ አወራን። ስለ ጥርሱ አወራን። ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ቄጠማው አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«ምን ያህል?»

«ሳጭደው ነው የኖርኩት።»

አንገቱን ደፋ። «እኔም በየዝናቡ አልተኛም» አለ። «እህቴ ናት። መጥቼ ልቆፍራት ብዬ ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንተን ፈርቼ ነው።»

እኔን ሰው የሚፈራኝ ለምንድነው? እሷም ፈርታኝ የሃዶንጓ ጋ ሄደች።

9ኛ ቀን

ማንሶክ መጣ። መሬቴን ሁሉ በእግሩ ዞረ። በመጨረሻ ከቤቱ ጀርባ ያለው የአኩሪ አተር ማሳ ላይ ቆመ። አፈር ጨበጠና አፉ ውስጥ አደረገ፣ ምራቁን ተፋ። «እዚህ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያገኘዋል፣ ውሃ አይተኛበትም።»

«እዚህ አይሆንም።»

«ለምን?»

«አኩሪ አተሩ ገና አልደረሰም።»

«ጋሼ።»

«ከበረንዳው አይታይም» አልኩት።

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ማንሶክ መቃብሩ ወዳለበት ወደ ታችኛው መሬት አየ፣ ወደ በረንዳዬ አየ፣ ማታ ማታ የምቀመጥባትን ትራስ አየ። ትራሷ በአንድ በኩል ጎድጉዳለች።

«ለዚህ ነበር እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሰባት ዓመት ግትርነት መስሎኝ።»

«ግትርነት ነው» አልኩት። «ግትርነት ነው፣ ሌላ ነገር አትጨምርበት። ለሳር ማጨድ ቅርብ ነው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

አኩሪ አተሩን ማታ ነቀልኩ። ያልደረሰውን። አራት መስመር።

10ኛ ቀን

ለኢንቾል እኔው ደወልኩ። ስልኩን ከማንሣቱ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለ። ምን እሆናለሁ አልኩ። በ17ኛው ቀን ና፣ ጓንት ያዝ፣ የምትቃጠል ሴት የለችም፣ ሊፍትም የለም አልኩት። «ውሃ ገብቷል እንዴ?» አለ። ሕልም ገዝቻለሁ አልኩትና ዘጋሁ።

13ኛ ቀን

ዝናቡ አቆመ። ደረቅ ሙቀት። ተኛሁ ሁለት ሰዓት፣ ነቃሁ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሕልም የለም። የተገዛው ብቻ።

16ኛ ቀን

ነገ ነው። ካልሲዋን አውጥቼ በረንዳው ላይ አሰጣሁት። ደረቅ ነው ግን አሰጣሁት።

መቃብሩ ደረቅ ሆኖ ከተገኘስ? ማንሶክ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ግን ሰባት ዓመት... አልጽፈውም።

17ኛ ቀን

ዛሬ ሁሉም ይጻፋል።

ሲነጋ ወረድን፤ እኔ፣ ኢንቾል፣ ማንሶክና የሃዶንጓ። የሃዶንጓን ማንም አልጠራትም። መቃብር ሲከፈት ተኝተው ያሉት እንዳይደነግጡ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ነው። ኢንቾል አፉን ሲከፍት በእጄ አስቆምኩት። «መቃብር ሊከፈት ነው» አልኩ ሦስቴ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ ጠዋት ውሃ ስላልጠጣሁ ነው።

ማንሶክ በዚያው አካፋ ቆፈረ። ወገብ ሳይደርስ አፈሩ ጭቃ ሆነ። ደረት ሲደርስ ጫማው ውስጥ ውሃ ገባ። ሣጥኑ በስብሶ ነበር። የሃዶንጓ ፀሐይ እንዳይነካት ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ቆመች። ማንሶክ ቀና ብሎ አየኝ። ነግሬህ ነበር የሚል ፊት ጠብቄ ነበር። አልነበረም።

«ውጣ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ልሥራው፣ እጅህ...»

«ውጣ አልኩህ።»

ኢንቾል «አባዬ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመትህ ነው» አለ። እኔ ግን ገብቻለሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነው፣ በዚህ ሙቀት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ደረቅ መሬት ያረፈ አጥንት የሰም ቀለም ይይዛል። የሷ ከጉልበቷ በታች ጥቁር ነው። ልክ እንደተሸጠልኝ።

ጎንበስ ብዬ እጄን ጭቃው ውስጥ ከተትኩ። ፈለግኩ። አገኘሁት። እጇን ያዝኩ። በዚህ ጊዜ የያዝኩት የቁም ሣጥን እጀታ አልነበረም።

«ነይ ውጪ» አልኳት። «ነይ፣ ውሃው ሞልቷል።»

ከላይ የሃዶንጓ አለቀሰች። ኢንቾል «ምን አለ?» ሲላት ሰማሁ። «ዝም በል፣ ይህን እኔ አውቀዋለሁ» አለችው።

ከራስ ቅሏ ጀምሬ አጥንቷን አንድ በአንድ አወጣሁ። እያንዳንዱን በሶጁ አረቄ አጠብኩ፣ በነጭ ወረቀት ጠቀለልኩ። ማንንም አላስነካሁም። በአዲስ ሣጥን አደረግናት። ካልሲዋን እግሯ ሥር አኖርኩ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ካልሲ አልብሼያት አላውቅም ነበር። ከቀትር በፊት አኩሪ አተሩ ማሳ ላይ አረፈች። አፈሩን ጨመቅኩት፤ በእጄ ላይ እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

ማንሶክ አካፋውን አጥቦ በረንዳዬ ላይ አስደገፈው። «አልወስደውም» አለ። «ሳር ማጨድ ሲደርስ መጥቼ እፈልገዋለሁ።»

18ኛ ቀን

ኢንቾል አልሄደም። ትናንት አብሮኝ አደረ። ፍራሼን ሳነጥፍ አየና «አባዬ፣ ራስጌህን ወደ ሰሜን አደረግከው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ወደ ሰሜን የሚተኛ ሬሳ ነው።»

«እናትህ አሁን ከጀርባ ናት፣ በሰሜን። እንደ ድሮው ከተኛሁ እግሬን የምዘረጋው ወደሷ ነው። ሚስቴ ላይ እግሬን ልዘርጋ?»

ዛሬ የሃዶንጓም በመስኮት አየች። «ሞትን በገዛ እጁ የሚጠራ ሽማግሌ» አለች። ሞት አድራሻዬን ያውቀዋል፣ መጥራት አያስፈልገውም አልኳት። መቃብሯ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ብትጠራኝ እሰማለሁ። በረንዳው ይቅር። ከበረንዳ ማየት እንጂ መስማት አይቻልም ነበር።

ይህን ደብተር ለኢንቾል አላሳየሁትም። አፍንጫው ሥር ላስቀምጠው ነበር የጀመርኩት።

20ኛ ቀን

ኢንቾል ዛሬ ይሄዳል። ቁርስ ላይ ሩዙን እየቀላቀለ፣

«ሌሊት በእንቅልፍ ልብህ ስታወራ ነበር» አለኝ።

እጄን አየሁ። ቁም ሣጥኑን አየሁ። እጀታው ቦታው ላይ ነው።

«ጮህኩ?»

«አልጮህክም። ትከራከር ነበር። ስለ አኩሪ አተር። ሳይደርስ ለምን ነቀልከው የተባልክ ነው የሚመስለው፤ አራት መስመር ብቻ ነው፣ አራት መስመር ብቻ ነው ትላለህ።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እሷ አሸንፋለች» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቁሞ ሾርባውን ጠጣ። ከተማ ና አላለኝም። አውቶቡሱ ሲነሣ ብቻ በመስኮት «ክረምት ከሥር እሳት አንድደህ ወለሉን በደንብ አሙቀው» አለ። አሞቀዋለሁ። ማንም ባይነግረኝም አሞቀዋለሁ።

ተኛሁ፦ ሦስት ሰዓት። ነቃሁ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ወጥቶ። ስንቴ ተነሣሁ፦ አልተነሣሁም።

ሕልም፦ አለ። ነርሷን አይመለከታትም።